አሥር ትውልድ የጠገቡ

ሃይደልበርግ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2013

ይድረስ ለኬተኪ ዲዲ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ታላቄ ነሽና እግርሽን ነክቼ የበዓሉ ማብቂያ የሆነውን የቢጆያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የአያታችን የታኩማንም እግር በእኔ ፋንታ ንኪልኝ። የዱርጋ በዓል ካለፈ ሳምንት ሆነው፤ ታናሽ ቀድማ ትጽፋለች የሚለውን የአያታችንን ሕግ አልረሳሁም። በስልክ "እንኳን አደረሳችሁ" ብሎ መገላገል ነውር ነው ብለው ያሳደጉን እሳቸው ናቸውና ይኸው ብዕር ይዤ ተቀምጫለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፣ ሩዝ ግን አልጠፋም።

ትልቁን ወሬ ላስቀድም። የቤተ ሙከራው አለቃ ፕሮፌሰር ብሩንስ በማይክሮስኮፕ የሚታዩትን የትሎቹን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ባለፈው ወር በጉባኤ ላይ ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሜ ከታኩማ ዘይቱን ሥር ስለተገኘው ትል ተናገርኩ። የሌላው አገር ትል ረሃቡን እስከ ሦስት አራት ትውልድ ያስታውሳል፣ የእኛው ግን እስከ ሰባት ይዘልቃል ስል ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ብዕር አነሡ። የዲ ኤን ኤው ፊደል አንድም ሳይለወጥ፣ እናቲቱ በተራበች ጊዜ የሠራቻቸው ትናንሽ አር ኤን ኤዎች እንቁላሏ ውስጥ ገብተው ክፉ ቀን መኖሩን ለልጅ ልጆቿ ይነግራሉ ብዬ አስረዳሁ። አንድ ሽማግሌ ትሉን ያገኘው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ቤተሰብ ነው አልኳቸው። ስምሽ በመጨረሻው ምስል ላይ ነበር፤ ሰዓቱ አለቀና እዚያ ሳልደርስ ከመድረክ አወረዱኝ። እንዳትቀየሚኝ። ፎቶዬን ልኬልሻለሁ።

አሁን ትሎች እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ ያለን ማስረጃ ያንቺ ቆጠራ ብቻ ነው፤ እዚህ ደግመን ካላሳየነው የሚያምነን የለም። የምትልኪልኝ ያልተራቡ ይሁኑ፤ እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አያት ቅድመ አያቶቻቸውም፣ ቢያንስ አሥር ትውልድ። ግማሾቹን እዚህ አስርብና ግማሾቹን አጠግባለሁ፣ ከዚያ ዘሮቻቸውን አወዳድራለሁ። የጠገቡት ንጹሕ ካልሆኑ ማወዳደሪያ የለኝም። እንደ ልማድሽ የሳህኑ ክዳን ላይ ቀኑንና የትውልዱን ቁጥር ጻፊበት። ያንቺን ጽሑፍ ካየሁ ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ታኩማ እንዴት ናቸው? ዘንድሮ የዓሣውን ጭንቅላት ለማን ሰጡ? ሁልጊዜ ለእኔ ነበር፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው።

ታናሽሽ ጁቲካ


ክሪሽናናጋር፣ ቤንጋል፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2013

ለታናሽ እህቴ ለጁቲካ፤

የቢጆያ በረከቴ ይድረስሽ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ገበታሽ አይጉደል፣ ክፉ ዓይን አይይሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ፎቶውንም አየሁት። ሰማያዊው ሳሪ አምሮብሻል። የታኩማ አይደለም እንዴ? እኔ የጠፋ መስሎኝ ሳጥን ስበረብር ከረምኩ።

ታኩማ በበዓሉ ዋዜማ የቧንቧው ድንጋይ ላይ ተንሸራትተው ዳሌያቸው ተሰበረ። ለምን አልነገርሽኝም ትይ ይሆናል። ብነግርሽስ ምን ልታደርጊ? ከዚያ ወዲህ የማነሣቸውም የማስተኛቸውም የማጥባቸውም እኔ ነኝ። መብላት አልቀነሱም፤ ትራሳቸው ሥር እፍኝ ሩዝ በጨርቅ ቋጥረው መደበቃቸውንም አልተዉም። ትኩሳቱ ሲነሣባቸው "ጁቲ መጣች?" ይሉኛል። እኔ የሽንት ዕቃቸውን ይዤ ቆሜ አልመጣችም እላለሁ። እንግዲህ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። የዓሣውን ጭንቅላት ለጠየቅሽኝ፣ ዘንድሮ በዚህ ቤት ዓሣ የገዛ የለም።

የምሠራበት ኮሌጅ እንደወትሮው ከዱርጋ በዓል እስከ ወንድሞች ቀን ተዘግቶ ሰነበተ፤ ዘበኛው ቁልፉን ይዞ አገሩ ገባ። የተከፈተው ባለፈው ሳምንት ነው። ትሎቹን ይኸው ልኬያለሁ፣ ሦስት ሳህን። የባክቴሪያውን ምግብ ወፈር አድርጌ ስለቀባሁላቸው መንገድ ላይ አይራቡም። ክዳኑ ላይ እንዳልሽው ጽፌበታለሁ።

ጉባኤው ስለተሳካልሽ ደስ ብሎናል። "ቤተሰብ ነው" ማለትሽም ጥሩ ነው፤ ቤተሰብ ስም ስለሌለው አይቀየምም።

ኬተኪ


(ያልተላከ)

ክሪሽናናጋር፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2013

ጁቲ፤

ዕቃው ትናንት ሄዷል። ክዳኑ ላይ "አሥር ትውልድ የጠገቡ" ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው።

በሌላው ዓመት ለዘበኛው ጣፋጭ እየያዝኩለት በበዓሉም በየሦስት ቀኑ ያስገባኝ ነበር። ዘንድሮ ታኩማን ትቼ የት እሄዳለሁ? በሩ ሲከፈት ሳህኖቹ የተላሱ ይመስላሉ፣ ትሎቹ ክር አክለዋል። ማንም እንደሚያደርገው ከአሮጌው ሳህን ትሎቹ የሚኖሩበትን እንደ ጄሊ የረጋ መደብ በቢላ አራት ማዕዘን ቆርጬ አዲሱ ሳህን ላይ ደፋሁት። በአምስት ቀን ወፈሩ፤ በዓይን ቢያዩአቸው ረሃብ ያያቸው አይመስሉም። ግን ከጠገቡ ገና ሁለተኛ ትውልዳቸው ነው።

ሌላም አለ። ከበዓሉ በፊት ሦስት ሳህን ቤት ወስጄ ታኩማ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር። እነዚያ አንድም ቀን አልተራቡም። ልልክልሽ ስል ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው፣ ንጹሖቹን በቀኝ፣ የተራቡትን በግራ። መሐል ላይ ፎቶሽ ነበር። በግራ ያሉትን አነሣሁ።

ቀናሁብሽ። በሳሪው ቀናሁ፣ በአዳራሹ ቀናሁ፣ በትኩሳት በሚጠራው ስምሽ ከሁሉ በላይ ቀናሁ። ያን ትል ለማግኘት በክረምት ጭቃ ተንበርክኬ የበሰበሰ ዘይቱን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ሰባቱን ትውልድ በአንድ ዓይኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አባቶቻችን የአንድ እናት ልጆች ሆነው ሳለ አባትሽ ተምሮ አገር ለአገር ሲዞር አባቴ ቤት ጠባቂ ሆኖ ቀረ፤ ያ ሳያንስ አሁን ደግሞ


ሃይደልበርግ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 2013

ይድረስ ለኬተኪ ዲዲ፤

እግርሽን እነካለሁ። የታኩማን ነገር ካነበብኩ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ስደውል ሁልጊዜ ተኝተዋል ትይኛለሽ፤ እንዲህ እንቅልፋም ነበሩ እንዴ? የሱፍ ካልሲ ልኬላቸዋለሁ። ሳሪውን ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ የከተቱት እሳቸው ናቸው፣ ለኬተኪ አትንገሪ ብለው። እነግርሻለሁ እያልኩ ረሳሁት።

ትሎቹ በሳምንታቸው በሕይወት ደረሱ። የክዳኑን ጽሑፍ አምኜ በማግስቱ ጀመርኩ። ግማሹን ስድስት ቀን አስራብኩ፣ ግማሹን አጠገብኩ። ከዚያ የሁለቱንም ወገን ሦስተኛ ትውልድ አንድ ላይ ምግብ ነሥቼ ስንቱ እንደሚተርፍ ቆጠርኩ። የአያቱን ረሃብ የሚያስታውስ በርትቶ መትረፍ ነበረበት፣ ያላየው ቶሎ ማለቅ ነበረበት። ዲዲ፣ ልዩነት የለም። የጠገቡት ዘሮች ልክ እንደ ተራቡት ተረፉ። በሦስት ረድፍ ሠራሁት፣ ሦስቱም ያው።

ፕሮፌሰር ብሩንስ ቁጥሩን አይተው የእህትሽ ቆጠራ ስህተት ነው አሉ። ትንሽ ኮሌጅ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ የሚቆራረጥ መብራት እያሉ ዘረዘሩልኝ። የሰባት ትውልዱ ትዝታ የለም ብለን እንጻፍና እንዝጋው ይላሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። ትሎቹ ተርበው ያውቃሉ? ቶሎ መልሺልኝ።

ጁቲካ


ክሪሽናናጋር፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2014

ለጁቲካ፤

በረከቴ ይድረስሽ፤ አዲሱ ዓመታቸው ይባረክልሽ።

ክዳኑ ላይ የጻፍኩትን አንብበሻል። ሌላ የምጨምረው የለኝም። አገሩ ሌላ፣ ውሃው ሌላ፣ እጁም ሌላ ነው፤ የክሪሽናናጋር ትል እዚያ አልስማማው ብሎ እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? ፕሮፌሰርሽ ስለ መብራታችን መቆራረጥ ከሚጨነቁ የራሳቸውን ቤት ቢፈትሹ ይሻላል። ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ይሆንባቸዋል። እኔ ያን ትል የቆጠርኩት መብራት ሲሄድ መስኮት ከፍቼ በፀሐይ ነው፤ ቁጥሩ ግን አልተሳሳተም።

ታኩማ ትራስ ተደግፈው መቀመጥ ጀምረዋል። ካልሲው ጠበባቸው፣ እኔ አደረግሁት። "ለኬተኪ አትንገሪ" ማለታቸውን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ልነግርሽ ረሳሁ ላልሽው፣ ሰው ነሽ፤ እኔም የምረሳው አይጠፋም።

ኬተኪ


ሃይደልበርግ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2014

ይድረስ ለኬተኪ ዲዲ፤

እግርሽን እነካለሁ፣ የታኩማንም።

ደብዳቤሽ ሃያ ቀን ፈጅቶ ደረሰ። ዛሬ አላበዛም። ፕሮፌሰሩ ጽሑፉን አዘጋጅተው ፊቴ አስቀመጡት። "ከቤንጋል የተዘገበው የሰባት ትውልድ ትዝታ የቆጠራ ስህተት ነው" ይላል፤ ከሥሩ የሳቸውና የእኔ ስም አለ። አልፈርምም አልኳቸው። ምክንያት ሲጠይቁኝ እህቴ ክዳን ላይ የሌለ ነገር አትጽፍም አልኩ። እሳቸውም እንግዲያው ከማርች በኋላ ውልሽን የማድስበት ምክንያት የለኝም አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

ከእንግዲህ ትል ላኪልኝ ብዬ አላስቸግርሽም። በኤፕሪል እመጣለሁ። ቤቱ ውስጥ ቦታ ይኖራል? ታኩማ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ቢሆንም እተኛለሁ።

ጁቲካ


ክሪሽናናጋር፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014

ጁቲ፣ እህቴ፤

በረከት የምሰጥበት አፍ የለኝም፤ ዛሬ ሳልባርክሽ እጀምራለሁ።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ደስ አለኝ። ትመጪና እንደ እኔ ትሆኛለሽ፣ ሽንት ዕቃውን በተራ እንይዛለን ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው አንድ ብርጭቆ ሻይ እስክጨርስ እንኳ አልቆየም። "እህቴ ክዳን ላይ የሌለ ነገር አትጽፍም" ወደሚለው ተመልሼ ሳነበው ወረቀቱን አጣጥፌ ጉያዬ ከተትኩት።

ታኩማ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አሉ። ያችን መስመር ዘልዬ አነበብኩላቸው። ጆሯቸው የሚደክመው ሲፈልጉ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

"ምን ዘለልሽ?" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ክዳኑ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ስለ በዓሉ፣ ስለ ዘበኛው ቁልፍ፣ በቀኝና በግራ ስለደረደርኳቸው ሳህኖች፣ ሁሉንም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አልጋቸው ሥር ያሉትን ትሎች በዓይናቸው ፈለጉ። ከበዓሉ ጀምሮ በየጠዋቱ "በሉ ወይ?" እያሉ የሚጠይቁኝ ስለነሱ ነው፤ አንድም ቀን ሳይጠይቁኝ ቀርተው አያውቁም።

ከዚያ እኔም አንቺም ያልሰማነውን ነገር አወሩኝ። በሃምሳው፣ ፈረንጆቹ 1943 በሚሉት ዓመት ረሃብ፣ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። እናታቸው በየደጁ ለምና የምታመጣውን የሩዝ ውሃ "ለታናሽ እህትሽ እኩል አካፍያት" ብላ ለሳቸው ትሰጣለች። እሳቸው ወፍራሙን ከሥር ለራሳቸው ያስቀሩና ቀጭኑን ለእህታቸው ያቀብላሉ። እናታቸው ትንሿን ታቅፋ ስለምትተኛ ቀንተው ነው። እህታቸው ተረፈች፤ ጤና ግን ዕድሜዋን ሙሉ አልነበራትም። ታኩማ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ዘይቱን ለቅመው ይልኩላት የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። እኛ ግን በልጅነታችን ለምን ለእኛ አይሰጡንም እያልን እንጣላ ነበር።

"ሳትሰማው ሞተች" አሉኝ። "ያንቺዋ በሕይወት አለች፣ ፖስታ ቤቱም ክፍት ነው። ተነሺ።"

ተነሣሁ። ጁቲ፣ የላክሁልሽ ትሎች ወር ሙሉ ያህል የተራቡ ናቸው። "አሥር ትውልድ" ያልኩት ሁለት ነበር። አውቄ ነው ያደረግሁት። ሥራሽን ያበላሸሁት ቀንቼብሽ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ካንቺ ጋር የራሴን ቆጠራ አብሬ ቀበርኩት፤ ቅናት ዓይን የለውምና ያን እንኳ አላየሁም። ይህን ደብዳቤ ለፕሮፌሰርሽ አንብቢላቸው። ከዚህ በኋላ እኔ የጻፍኩበትን ክዳን የሚያምን ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። ይገባኛል። ያንቺ ውል ግን በእኔ ቅናት እንዳይቋረጥ።

ከዚህ ጋር የታኩማ አልጋ ሥሮቹን ልኬልሻለሁ። ሳይራቡ ሠላሳ ትውልድ አልፏቸዋል። ክዳኑ ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ የሰው ምስክር ካስፈለገሽ ታኩማን በስልክ ጠይቂያቸው። ዛሬ አልተኙም።

ኬተኪ


ሃይደልበርግ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2014

ይድረስ ለኬተኪ ዲዲ፤

እግርሽን እነካለሁ።

ትሎቹ ዛሬ ጠዋት ደረሱ፣ ደብዳቤሽም አብሮ። ተናድጃለሁ። አንብቤ ስጨርስ ካፖርቴን ለብሼ ወንዙ ዳር ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። አራት ወር፣ ዲዲ። ከአንድ ሰው ሥራ ላይ አራት ወር በላሽ። ይቅር እልሻለሁ፣ ግን ዛሬ አይደለም።

አሁን እኔም የምናገረው አለኝ።

በጃንዋሪ መጨረሻ፣ በበረዶ ካስቀመጥኳቸው "የጠገቡ" ትሎች ጥቂት አውጥቼ ትናንሽ አር ኤን ኤዎቻቸውን በመሣሪያ አስነበብኩ። እዚህ ቤተ ሙከራችን የተራበ ትል የሚሠራቸውን አር ኤን ኤዎች አውቃቸዋለሁ፤ ስንት ወር አጥንቻቸዋለሁ። ሁሉም እዚያው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትል ክዳን አያነብም፤ አያቱ የነገረችውን ይዞ ነው የሚመጣው። ለካ ያላየሁት ልዩነት የጠፋው ሁለቱም ወገን ረሃብተኛ ስለሆነ ነው። ከክሪሽናናጋር ረሃብ ሁለቱንም ወገን ምግብ እስከነሣሁበት ቀን ትውልዱን ቆጠርኩ። ሰባተኛው ነበር። ሌላ ትል ቢሆን ረስቶት ነበር። ሰባት ብለሽ የቆጠርሽው ልክ ነው፤ ያረጋገጠልሽም ውሸትሽ ነው።

ስለዚህ የፌብሩዋሪውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ሁሉን አውቅ ነበር። ለፕሮፌሰሩ አልፈርምም ማለቴና ውሌን ማጣቴ እውነት ነው። "እህቴ ክዳን ላይ የሌለ ነገር አትጽፍም" ማለቴም እውነት ነው፤ የተነገረው ግን ውጤቱ ከመምጣቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ነው። ያን ላንቺ ስደግመው ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ነው። ምን እንደምታደርጊ ለማየት ጻፍኩት። ዝም ብትዪ የምልክልሽ ሌላ ደብዳቤ ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ወንዙ ዳር ስመላለስ ቀደድኩት። የመጣው ደብዳቤሽ እንዲመጣ ምን ያህል እንደጓጓሁ፣ ባይመጣ ደግሞ ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር፣ ሁለቱንም አውቃለሁ።

የአር ኤን ኤውን ንባብ ዛሬ ለፕሮፌሰር ብሩንስ አሳየሁ። ደብዳቤሽን አላሳየሁም፤ "በበዓል ምክንያት የተራበ ዘር" ብያቸዋለሁ። የአልጋ ሥሮቹን ይዤ እንደገና እጀምራለሁ፣ ውሉም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተራዝሟል። ጽሑፉ ሲወጣ ስምሽ መጀመሪያ ይሆናል፤ ቤተሰብ ሳይሆን ስምሽ። ለታኩማ ትሎቹ በልተዋል በያቸው።

ይህን ያልኩት ለደግነት እንዳይመስልሽ። ያን ማይክሮስኮፕ በፀሐይ ያበራሽው አንቺ መሆንሽን ከልጅነቴ ጀምሮ አልችለውም። ታኩማ የዓሣውን ጭንቅላት ለእኔ የሚሰጡት እንግዳ ስለሆንኩ ነው፤ ላንቺ ግን የቤቱን ቁልፍ ሰጡሽ። እዚያ ጉባኤ ላይ ሽማግሌው ትሉን ማን አገኘው ብለው ሲጠይቁኝ፣ የሚቀጥለው ምስል ያንቺ ስም መሆኑን አውቅ ነበር።

ሰዓቱ አላለቀም ነበር፣ ዲዲ። ሁለት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር።

ታናሽሽ ጁቲካ